የቤት ብድር ወለድ የግብር ተቀናሽ

ለመኖሪያ ቤት የተበደረ ሰው የከፈለው ወለድ ግብር ከሚሰላበት ገቢው ላይ እንዲቀነስ የሚፈቅድ ደንብ። ብሪታንያ በ2000 እ.ኤ.አ. ሰርዛዋለች፤ አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ሕጓ ወለዱ የሚቀነስለትን የአዲስ ብድር ጣሪያ ከ1 ሚሊዮን ወደ 750 ሺህ ዶላር አወረደች እንጂ አላስቀረችውም።

በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለደመወዝተኛ ይህን ተቀናሽ አይሰጥም። የ40/60 ኮንዶሚኒየም ብድር ያለበት የአዲስ አበባ መምህር ወለዱን የሚከፍለው ግብሩ ተቆርጦ ከተረፈው ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ግን ወለዱን ከኪራይ ገቢው ይቀንሳል። አድልዎ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ አከራዩ በኪራዩ ላይ ግብር ይከፍላል፣ በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ግን የሚታሰብበት ኪራይ የለም።

ተቀናሹ ይምጣ የሚሉ ወገኖች የደመወዝተኛውን ጫና ያነሳሉ፤ ጫናው እውነት ነው። ጥቅሙ ግን ብድር ለማግኘት ለቻለና ከፍ ያለ ግብር ለሚከፍል ሰው ያደላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ በእቁብና በእህል ሽያጭ ገንዘብ የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤቱን ለሚሠራ ሰው ምንም አይደርሰውም። ለእርሱ የሚበጀው አቅሙን ያገናዘበ የመሬት አቅርቦትና የረጅም ጊዜ አነስተኛ ብድር ነው፤ መንግሥትም ገንዘቡን ማዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።