ከአንጎል ሥር የሚነሣ ትእዛዝ

በግ አርዳችሁ ጭንቅላቱን ፈልጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ከአንጎሉ በታች፣ መሐል ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቦታ አለች። እኛም አለችን። ሐኪሞች ሃይፖታላመስ ይሏታል። ከሥሯ ደግሞ ሽምብራ የምታክል እጢ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥላለች፤ ስሟም ፒቱታሪ ነው።

ወንድ ልጅ ሲጎረምስ፣ ልጃገረድ የወር አበባ ስታይ፣ ሴት ስታረግዝ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚነሣው ከዚህች ቦታ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? እስቲ እናውጋችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንነግራችሁ።

ጂኦፍሪ ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነበር። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ሲመራመር፣ በአይጦች ላይ ያንን ቀጭን ዘንግ ቆረጠ። አንዳንዶቹ አይጦች ቆይተው ወደ ጤናቸው ተመለሱ። ለምን? ጥቃቅን የደም ሥሮች በተቆረጠው ቦታ እንደገና ስለ በቀሉላቸው ነው። በሰም የተነከረ ወረቀት በመካከል ሲያስገባ ግን የደም ሥሮቹ መገናኘት አቃታቸው፤ የአይጦቹም የመራቢያ ሥርዓት ቆመ። እንግዲህ የአንጎል ትእዛዝ ወደ እጢዋ የሚሄደው በደም ውስጥ ነው ማለት ነው። በደም የሚሄደውን እንዲህ ያለ መልእክተኛ ሆርሞን እንለዋለን።

ግን መልእክተኛውን ማን ይያዘው? ሁለት ሰዎች ተነሡ። አንዱ ፈረንሳይ የተወለደው ሮዤ ጊየማን፣ ሌላው ፖላንድ የተወለደው አንድሩ ሻሊ ነው። በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ ከ1957 እስከ 1962 አብረው ሠሩ። ከዚያ ተለያዩና ባላንጣ ሆኑ። ጊየማን ከቄራ የበግ አንጎል ሰበሰበ፤ ቁጥሩ ሚሊዮኖችን አለፈ። ሻሊ የአሳማ አንጎል ያዘ። ከ100 ሺህ በላይ ከሆኑ አሳማዎች የወጣው ንጹሕ ሆርሞን ከአንድ ቁንጥጫ ጨው በብዙ ያነሰ ነበር! ይህንን ሁሉ ልፋት አስቡት።

በ1971 ሻሊና ሂሳዩኪ ማትሱኦ የሚባለው ጃፓናዊ የሥራ ባልደረባው ሆርሞኑ ከ10 አሚኖ አሲዶች የተሠራ መሆኑን፣ እነርሱም በምን ተራ እንደተያያዙ ገለጹ። የጊየማን ቡድንም በዚያው ዓመት ደረሰበት። በ1977 ሁለቱ ባላንጣዎች የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ግማሹን ግን የወሰደችው ሮዛሊን ያሎው ናት፤ በደም ውስጥ ያለን ጥቂት ሆርሞን መለኪያ ዘዴ ስላበጀች። የሚገባትም ነው፤ ያልተለካ ነገር አይታወቅምና።

አንድ እንቆቅልሽ ቀርቶ ነበር። በ1978 ኤርነስት ኖቢልና ባልደረቦቹ የራሳቸው ሆርሞን ለተቋረጠባቸው ዝንጀሮዎች ሆርሞኑን በሰዓት አንድ ጊዜ ሲሰጧቸው እጢዋ ሥራዋን ቀጠለች። ያለ ማቋረጥ ሲሰጧቸው ግን ዝም አለች። በር የሚያንኳኳ እንግዳ ቆም እያለ ቢያንኳኳ ይከፈትለታል። ሌሊቱን ሙሉ ቢደበድብ ግን የቤቱ ሰዎች ጆሮ መስጠቱን ይተዉታል። ነገሩ ይህን ይመስላል።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ሕክምና ወጣ። ትእዛዙ ከአንጎል የማይነሣላቸው ሴቶች አሉ። ለእነርሱ አንዲት ትንሽ መሣሪያ በየ60 ወይም በየ90 ደቂቃው ሆርሞኑን ጠብ ታደርግላቸዋለች፤ ብዙዎችም ወልደዋል። አድማጮቻችን፣ ልብ በሉ። ያልወለደች ሴት በየቤቱ ስትወቀስ፣ ስትፈታም ኖራለች። ምክንያቱ ግን ከማሕፀኗ ርቆ ከአንጎል ሥር ሊሆን ይችላል። ከባልም ሊሆን ይችላል፤ ወንዶችም ይህ ሆርሞን ይጎድላቸዋልና። ስለዚህ ወደ ሐኪም የሚሄዱት ሁለቱም ናቸው።

ሁለተኛው እጢዋን ዝም የሚያሰኘው መድኃኒት ነው። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን ነው። ቀድሞ ብዙውን ጊዜ የበሽተኛው የዘር ፍሬ በቀዶ ጥገና ይወጣ ነበር። ይህን መቀበል ለአንድ አባወራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር መገመት ነው። በ1985 አሜሪካ ሊዩፕሮላይድ የተባለውን መርፌ ፈቀደች። መርፌው ካንሰሩን ይገታል እንጂ ነቅሎ አያጠፋም፤ ሙቀት ሽው ያደርጋል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ያለ ጊዜያቸው ለሚጎረምሱ ሕፃናትም ይሰጣል። ከ8 ዓመት በፊት ጡቷ የሚያጎጠጉጥ ልጅ አጥንቷ ቶሎ ስለሚጠና አጭር ሆና ልትቀር ትችላለች። መድኃኒቱ ጊዜ ይሰጣታል፤ ሲቆም እድገቷ ይቀጥላል።

ጊየማንና ሻሊ ሁለቱም በ2024 ዐረፉ፤ ጊየማን በ100 ዓመቱ፣ ሻሊ በ97 ዓመቱ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።