ፎቶ ያልተነሳው እሳት

እሁድ፣ ጁን 22 ቀን 1969 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኩለ ቀን ገደማ በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ የካያሆጋ ወንዝ እሳት ተነሳበት። ከባቡር ድልድዮች ሥር ዘይት የጠገበ ግንድና ጉድፍ ተከማችቶ ነበር፤ የለኮሰው ከላይ ካለፈ ባቡር የወደቀ ፍንጣሪ ሳይሆን አይቀርም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከምድርም ከጀልባም ተረባርበው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሳያልፍ አጠፉት። ጉዳቱ 50,000 ዶላር ግድም ተገመተ። ነበልባሉን በፎቶ ያስቀረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የሚቃጠለው ውሃው አይደለም፤ ውሃው የተሸከመው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክሊቭላንድ የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ ነበረች፤ የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል በ1870 የተመሠረተው እዚያው ነው። ያን ጊዜ ገበያ የነበረው ለመብራት የሚሆነው ላምባ ነው። ቤንዚን ገዢ ስላልነበረው ብዙ ማጣሪያዎች ወንዝ ውስጥ ይደፉት ነበር። ብረት ማቅለጫው፣ ቀለም ፋብሪካውና የከተማው ፍሳሽ ተከተሉ። ወንዙ ወደ ኢሪ ሐይቅ ሲቃረብ እየተጠማዘዘ በዝግታ ስለሚሄድ የተደፋበት ሁሉ እዚያው ይተኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የፌዴራል መርማሪዎች በታችኛው ወንዝ ቆሻሻ የሚወዱት አልቅትና ትል እንኳ አለመኖራቸውን መዝግበዋል።

ካያሆጋ ከ1868 ጀምሮ ከአሥር ጊዜ በላይ ነድዷል። በ1912 አምስት ሰው ሞተ። በ1952 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ንብረት ወደመ። ታዲያ ዓለም የሚያውቀው ትንሹን የ1969ኙን ነው። ታይም መጽሔት በኦገስት ወር ስለ ወንዙ ሲጽፍ ያወጣው የ1952ቱን ፎቶ ነበር፤ ብዙ አንባቢም የያኔው እሳት መሰለው። የቡፋሎ ወንዝ በ1968፣ የዲትሮይቱ ሩዥ በዚያው በ1969 ኦክቶበር ተቃጥለዋል። ስሙ የተጣበቀው ግን ክሊቭላንድ ላይ ነው።

ይህ ፍርድ ለእኔ ልክ አይደለም። የከተማዋ ሰዎች እሳቱ ከመነሳቱ ጥቂት ወራት ቀድመው፣ ወንዙን ለማጽዳት የሚውል የ100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፃቸው አጽድቀዋል። ከንቲባው ካርል ስቶክስ፣ በአሜሪካ ትልቅ ከተማ ለመምራት የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር፣ በማግስቱ ጋዜጠኞችን ይዘው ወንዙን ዳር ለዳር አስጎበኙ። ፋብሪካዎቹ ቆሻሻ እንዲለቁ ፈቃድ የሚሰጠው የኦሃዮ ግዛት እንጂ ከተማው እንዳልሆነ፣ የጎረቤት ከተሞች ፍሳሽም እንደሚወርድባቸው እዚያው ቆመው አስረዱ። ጉዳቱን የደበቀ ከንቲባ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ወሬው በዚያው በሰፈሩ ይቀር ነበር።

በ1972 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ የንጹህ ውሃ ሕግን አጸደቀ። በዚያው ዓመት ራንዲ ኒውማን ስለሚነደው ወንዝ ዘፈነ፤ ከተማዋ መሳቂያ ሆነች። ፋብሪካዎቹም ተራ በተራ ተዘጉ። ወንዙ ከሕጉ ባልተናነሰ በእነሱ ዝምታም ነው የጠራው፤ ዋጋውን የከፈለው ሥራውን ያጣው ሠራተኛ ነው። በ1950 ወደ 915,000 የነበረው የከተማዋ ነዋሪ በ2020 ወደ 373,000 ወርዷል።

በ2019፣ እሳቱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ የኦሃዮ ባለሥልጣናት ከካያሆጋ የሚጠመድ ዓሣ ሊበላ እንደሚችል አስታወቁ።