አድማጭም ሥራ አለው

ማኅበራችን ለዓመታዊ በዓሉ አዝማሪ ለመጥራት ሲነጋገር ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ሽልማት ታገኝ የለም ወይ? ምን ብለን አስቀድመን እንከፍላታለን?» መልሱን ለማግኘት ሙዚቃ በአካል የሚሰማባቸውን ሦስት ቦታዎች ከነታሪካቸው ማነጻጸር ይረዳናል።

ከቤታችን እንጀምር። በአዝማሪ ቤት አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበለዋል። አዝማሪዋም የእንግዳውን ስምና ሁኔታ ጠይቃ በሰምና ወርቅ ታወድሰዋለች ወይም ሸንቆጥ ታደርገዋለች። ደስ ያለው ብር ግንባሯ ላይ ይለጥፋል። ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ እዚያው ስንኝ በመቋጠር ስሟ የገነነ ነበር። ይሁንና «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር ኖሯል። የግጥሙ ግማሽ የአድማጩ ነው፤ የሴትዮዋም የዕለት ጉርስ በእሱ እጅ ነው። እንግዳ ከጠፋ ባዶ እጇን ትገባለች።

ሁለተኛው የአውሮፓ የኮንሰርት አዳራሽ ነው። ዛሬ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሳል ሲመጣበት እንኳ ይጨነቃል፤ የሚጨበጨበውም ሥራው ሲያልቅ ነው። ይህ ግን ከጥንት የነበረ ሥርዓት አይደለም። ሞዛርት በ1778 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ አዲሱ ሲምፎኒው ገና በመጀመሪያው ክፍል መካከል ሳለ አድማጩ እንዳጨበጨበ በደስታ ገልጿል። ዝምታው ደንብ እየሆነ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ስለዚህ የአዝማሪ ቤታችንን ጫጫታ ኋላ ቀርነት ማለት ስሕተት ነው።

ሦስተኛዋ ግብፃዊቷ ኡም ኩልሱም ናት። በልጅነቷ አባቷ ወንድ ልጅ አስመስሎ እያለበሰ መንፈሳዊ ዜማ ያዘምራት ነበር፤ ሴት በአደባባይ መዝፈኗ ነውር ነበርና። ኋላ ግን በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ የምታቀርበው ኮንሰርት በሬዲዮ እየተላለፈ የዓረቡን ዓለም ጆሮ ያዘ። አዳራሹ «ድገሚው!» እያለ ሲጮኽ፣ አንዱን ስንኝ በየጊዜው በሌላ አወራረድ ትመላልሰዋለች፤ አንድ ዘፈን ከሰዓት በላይ ይዘልቅ ነበር። ሙቀቱ የአዝማሪ ቤት ነው። ክፍያው ግን በውል ነበር፤ እሷ ራሷ ተደራድራ የምትፈርመው። የሙዚቀኞች ማኅበርንም ለ7 ዓመታት በሊቀመንበርነት መርታለች። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጦርነት በኋላ በሀገር ውስጥና በውጭ ዘፍና ገቢውን ለሀገሯ ሰጥታለች። የራሷ ገቢ ያላት ሴት ናት እንዲህ መስጠት የምትችለው።

ከዚህ የምንማረው፣ የአድማጭ ተሳትፎና የታወቀ ክፍያ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ነው። እኛ እንጀራ ጋግረን ስንሸጥ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ደስ ካለህ ክፈል» አንልም። የአዝማሪዋም ድምፅ እንጀራዋ ነው።

ስለዚህ ለመጪው በዓል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ክፍያዋን አስቀድመን እንስማማ፣ በጽሑፍም ይሁን፤ ግማሹን ሳትጀምር እንስጣት። ሽልማቱ ከዚያ በላይ የራሷ ይሁን። እኛም አንድ አንድ ስንኝ ይዘን እንምጣ።