የጥንት ቴምብሮች ብርቅነትና ዋጋ፤ በእንጅባራና በዳንግላ አገር ለሚገኙ የቤት ደብዳቤዎች የተሰጠ አሳብ

በእንጅባራ አገር ጠገራ ብር ያለው ሰው ዋጋውን የሚገምተው በብሩ ማዕድን ነው። በላዩ የተጻፈው 1780 የሚለው ዓመት ግን ዕድሜውን አያስረዳም፤ ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ጠገራው በዚያው ዓመት ስም ደጋግሞ ተመትቷልና። እንግዲህ ማዕድን የሌለበት ቁራጭ ወረቀት፣ ይኸውም የጥንት ቴምብር፣ ዋጋው ከምን ይመነጫል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 በፓሪስ የታተሙ ሲሆኑ፣ ቅርጻቸውን ያዘጋጀው ኤዤን ሙሾን ነው። ሙሉው ስብስብ 7 ነው። የሩብ፣ የግማሽ፣ የ1 እና የ2 ግርሽ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሽ ደግሞ አንበሳን ያሳያሉ። 16 ግርሽ የአንድ ጠገራ ብር ሒሳብ ነበር።

ስብስቡ ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነው እጅግ ውድ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቴምብሮቹ በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች በብዛት ስለ ተሸጡ፣ ማኅተም ያላረፈበት ሙሉ ስብስብ ዛሬም ሳይቸግር ይገኛል። ብርቅ የሆነው በእውነት ደብዳቤ ያጓጓዘው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በኅዳር 1 ቀን 1908 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። የሁለቱን አገሮች ቴምብርና ማኅተም እንደ ያዘ የተረፈ ፖስታ ከብዙ ንጹሕ ስብስብ ይበልጣል።

ብርቅነት ደግሞ አስመሳይን ይጠራል። ከ1901 ጀምሮ በነዚሁ ቴምብሮች ላይ «ኢትዮጵያ» በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም «ቦስታ» የሚሉ ቃላት በእጅ ማኅተም ተመቱ። ማኅተሙን መቅረጽ ቀላል ስለ ነበረ ብዙ ሐሰተኛ ወጣ። የዱር እንስሳትንና ንግሥት ዘውዲቱን የሚያሳየው የ1919 ስብስብ፣ በቁጥር 15፣ እንደ ገና ታትሟል፤ አዋቂዎች ዋናውን ከድጋሚው የሚለዩት በጀርባው ሙጫ ጭምር ነው። በደብዳቤ ላይ የቀረ ቴምብር ግን ስፍራው፣ ቀኑና አድራሻው አብረው ስለሚመሰክሩለት እውነተኛነቱን ለመመርመር ይቀላል።

ይህ ነገር አገራችንን ይነካል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር፤ ሜጀር ቺዝማንም ከ1925 እስከ 1934 በዚያ በቆንስልነት ሠርቷል። ከዚያ ዘመን የተጻፈ አንድ ደብዳቤ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ፣ መልእክት በየትኛው መንገድና በስንት ቀን ይደርስ እንደ ነበረ ማኅተሞቹ ይነግሩናል። ቴምብሩ ተቀዶ ፖስታው ሲጣል ግን ገዢው ወረቀት ያገኛል፤ አገሩ ምስክሩን ያጣል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታቸው የሚሄዱ ጓደኞቻችን የአባቶቻቸውን ደብዳቤ ሲያገኙ ቴምብሩን ከፖስታው እንዳይለዩ፣ ላኪውን፣ ተቀባዩንና በማኅተሙ ያለውን ቀን እንዲመዘግቡ እንለምናለን። ባለቤቱ ለመሸጥ ቢያስብ እንኳ ሳይቀደድ በአዲስ አበባ ላለው የፖስታ ሙዚየም አስቀድሞ ማሳየት ይበጃል። ሳይቀደድ የቆየ ፖስታ በገበያም ቢሆን ከቁራጩ ይልቅ ይፈለጋልና፣ በዚህ ረገድ የታሪክ ተማሪውና የባለቤቱ ጥቅም አንድ ነው።