«ሐረር» ማለት እስከ የት ድረስ ነው?

በጁገል ግንብ ውስጥ ጊደር መጋላ የሚባል የገበያ ስፍራ አለ፤ ትርጓሜውም በሐረሪ ቋንቋ «ታላቁ ገበያ» ማለት ነው። በዚያ ሥጋ ሲሸጥና ጭልፊት ሲያንዣብብ ይታያል እንጂ የዱር አበባ ሲበቅል ያየ የለም። ሆኖም በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች ውስጥ «ሐረር» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ናሙና በካርታ ላይ ሲመለከት፣ መዝጋቢው ካልተጠነቀቀ በቀር፣ ነጥቡ የሚያርፈው በዚሁ በከተማው መካከል ነው።

በናሙና ላይ የተለጠፉትን አሮጌ ወረቀቶች ከፎቶግራፍ እያነበቡ የሚገለብጡ በጎ ፈቃደኞች ዛሬ ብዙ ናቸው። የአውስትራሊያ ቤተ መዘክር በ2011 እ.ኤ.አ. «ዲጂቮል» የተባለውን፣ የፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክርም በ2012 እ.ኤ.አ. «ሌ ዘርቦኖት» የተባለውን ሥራ ጀምረዋል። ትጋታቸውን እናመሰግናለን። እኛን ያሳሰበን ግን ከንባቡ ይልቅ የቃሉ ስፋት ነው።

ኦስትሪያዊው ፊሊፕ ፓውሊችከ በ1877 ዓ.ም. ሐረር ሲደርስ፣ ከተማውን በ1868 ዓ.ም. የያዘው የግብፅ ጦር ለመውጣት ተቃርቦ ነበር። ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን በ1892 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥተው ሲመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል ካደረጉ ወዲህ፣ ራስ መኰንን በሐረር ተቀምጠው እስከ ኦጋዴን ቈላ የሚዘረጋ ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ከዚያም በኋላ ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ከደጋ እስከ በረሃ ሰፊ አገር ይዞ ኖረ፤ ዛሬ ደግሞ ከተማው የሚገኘው በትንሹ የሐረሪ ክልል ውስጥ ነው። እንግዲህ አንድ የቈላ ግራር «ሐረር» ስለ ተባለ ብቻ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ቢወጣ፣ የዕፀዋት ተመራማሪው ተክሉ በደጋ ይኖራል ብሎ ይሳሳታል።

«አንቪሮን ደ ሐረር» የሚለውን፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማርን ሰዎች በቶሎ እናነበዋለን፤ «የሐረር አካባቢ» ማለት ነው። አካባቢው የግማሽ ቀን የበቅሎ መንገድ ይሁን ወይም የአምስት ቀን ፈረንሳይኛው አይነግረንም። ስሙም ቢሆን አንድ አይደለም፤ የከተማው ሰዎች ጌይ ይሉታል፣ ኦሮሞዎች አዳሬ ቢዮ፣ ሶማሌዎች አደሪ። የሲድኒ በጎ ፈቃደኛ «አደሪ»ን የሰብሳቢው ስም አድርጎ ቢጽፈው አንፈርድበትም።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ወረቀቱን ሲገለብጡ አብሮ ማረም ይገባል ይላሉ። ይህ አሳባቸው ለእኛ አልተስማማንም። የተጻፈው እንዳለ ይገልበጥ፤ ፍችው በሌላ ዓምድ ይጻፍ። ቀኑ ካለ ከተጓዡ የጕዞ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸር፤ በዚያ ቀን ጓዙ የት እንዳደረ ከታወቀ ቦታው ግማሽ ተገኘ ማለት ነው። ካልታወቀ ደግሞ በነጥቡ ዙሪያ የጥርጣሬ ክብ ይሣል፤ ለ1877ቱ ጠበብ ያለ፣ ለ1892ቱ እስከ ኦጋዴን የሚደርስ።