የፕላዝማው ዕድሜ በማን ሰዓት ይቆጠራል? ከሚሴን መነሻ ያደረገ የቴሌቪዥን ታሪክ



የታሪክ ሰዎች ስለ ነገሥታትና ስለ መንግሥታት ዕድሜ መናገር እንወዳለን፤ በመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለኖረ መስታወት ግን እምብዛም አንናገርም። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ውድና ዘመናዊ የቴሌቪዥን ስክሪን «ረጅም ዕድሜ አለው» ሲባል ዕድሜውን የሚወስነው ምንድን ነው? መልሴን አስቀድሜ ላቅርብ። የስክሪን ዕድሜ በመስታወቱ ጥራት ብቻ አይለካም፤ የሚመግበው መብራት፣ የሚጠግነው እጅና መለዋወጫ የሚያቀርበው ገበያም አብረው ይወስኑታል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ ነበር፤ ተመልካቹም በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበር። መደበኛው የቀለም ሥርጭት የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት ወቅት ነው። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ከኋላው ያበጠ፣ ባለ ቱቦ ሣጥን ነበር። ያረጅ ነበር፤ እርጅናው ግን ቀስ ብሎ የሚታይ ነበር፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ይዛባል። ጠጋኙም ክዳኑን ፈትቶ፣ የተቃጠለውን ዕቃ ለይቶ፣ በሌላ ይተካዋል። የራዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቆች በየከተማው የበዙት የዕቃው አሠራር ለሥራቸው በር ስለከፈተላቸው ነው።

በ1997 የትምህርት ዘመን ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። መንግሥት በመቶዎች በሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ስክሪን አስገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ እየተዘጋጀ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ፕላዝማ በጊዜው በዓለም ገበያ ውድ ከሚባሉት ስክሪኖች አንዱ ነበር። በእኛ አገር ግን የቃሉ ትርጉም ሰፋ፤ ተማሪው «ፕላዝማ» ሲል ስክሪኑንም፣ ክፍለ ጊዜውንም፣ በስክሪኑ የሚታየውን አስተማሪም ማለቱ ነበር።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። የፕላዝማ ስክሪን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ማለትም የእኛ ሥርጭት በተጀመረበት ዓመት፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የተፈለገውም በኮምፒዩተር ለሚሰጥ ትምህርት ነበር። በሁለት መስታወቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ኒዮንና ዜኖን ጋዝ ይገኛል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያገኘው ጋዙ ዓይን የማያየው ጨረር ያመነጫል፤ ጨረሩም ፎስፎር የተባለውን ቅብ ያበራዋል። ቅቡ በጊዜ ብዛት ይደክማል። አምራቾች በዚያ ዘመን ያስተዋውቁት የነበረው እስከ 60,000 ሰዓት የሚደርስ ዕድሜ የሚለካው በዚህ ድካም ነበር፤ የስክሪኑ ብርሃን በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ያለው ጊዜ ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት በቀን 6 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢጠቀምበት ድምሩ 1,200 ሰዓት ይሆናል። ስሌቱ 50 ዓመት ይሰጣል። በካርቶኑ ሰዓት ብንቆጥር የ1997ቱ ፕላዝማ እስከ 2047 ዓ.ም. ሊያስተምር ይገባው ነበር።

ይህን ስሌት ይዘን ወደ ከሚሴ እንምጣ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከሸዋ ሮቢት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦርከናና በጨፋ አካባቢ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የዞኑ ተማሪ በመጀመሪያ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ አማርኛም በዙሪያው ይሰማል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ የፕላዝማው እንግሊዝኛ ጠበቀው። ትምህርቱ ቆም እንዲልለትና እንዲደገምለት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። የሳተላይት ሥርጭት ግን ማንንም አይጠብቅም፤ መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ለዚህ ተማሪ የስክሪኑ አስተማማኝነት የ50 ዓመት ጉዳይ አልነበረም፤ የዚያች ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የቮልቴጅ መዋዠቅ ቀድሞ የሚያጠቃው የኃይል ማቅረቢያውን ቦርድ ነው። በቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀት አይችሉም፤ በሙያው የታወቀው ግምት እንደሚለው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል ያጥራል። የካርቶኑ 60,000 ሰዓት ስለዚህ ሁሉ አንዳች አይናገርም። ስለ ፕላዝማ ትምህርት በአገራችን የተጻፉ ጥናቶች የመብራት መቆራረጥንና የጥገና ባለሙያ እጥረትን ደጋግመው ማንሣታቸው አያስገርምም።

ገበያውም አልጠበቀንም። ፓናሶኒክ በ2006 ዓ.ም. ፕላዝማ ማምረት አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂ በ2007 ዓ.ም. ተከተሉ። ሥርጭቱ ከተጀመረ 10 ዓመት ገደማ ሲሞላ ቴክኖሎጂው ከዓለም ገበያ ወጣ። መስታወቱ ገና ጤነኛ ቢሆንም እንኳ የሚተካለት ቦርድ ማግኘት እየከበደ የሚሄድ ነገር ሆነ።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የድሮው ቴሌቪዥን ጠንካራ የመሰለን የሞቱትን ረስተን የተረፉትን ብቻ ስለምናይ ነው» የሚል ሰው እውነት አለው። የእኔ ክርክር ግን የድሮው አይበላሽም የሚል አይደለም፤ ሲበላሽ በአቅራቢያ ባለ እጅ ይድን ነበር ነው። ዛሬ በየቤቱ ያለው የኤልኢዲ ስክሪን ከኋላው ያሉት መብራቶች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ሊጨልም ይችላል፤ ይህን ጎበዝ ጠጋኝ ያድነዋል። በጣም ውድ የሆነው ኦሌድ ግን ብርሃኑን የሚሰጠው ራሱ ከጊዜ ጋር የሚደክም ኦርጋኒክ ቁስ ነው፤ ሰማያዊው ቀድሞ ይዳከማል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣቢያ ላይ በሚውል የሻይ ቤት ቴሌቪዥን የጣቢያው ዓርማ በስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ፈውሱ ስክሪኑን በሙሉ መለወጥ ነው፤ ዋጋውም ከአዲስ ቴሌቪዥን አይርቅም። ዕቃው በረቀቀ ቁጥር የጠጋኙ ድርሻ እየጠበበ መጥቷል።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ የቤተ ሙከራ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤቶች ነገም ስክሪን ይገዛሉ፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ክፍለ ጊዜው የሚባክንበትም የገበሬው ልጅ ነው። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቶች ንብረት ክፍል ሂዱ። ስክሪኑ የገባበትን ቀን፣ የቆመበትን ቀን፣ ያቆመውን ምክንያት መዝግቡ። የጠጋኞችንም ቃል ተቀበሉ፤ የትኛው ዕቃ በምን እንደሚሞት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እውቀታቸው ግን በጽሑፍ አልተያዘም። ያለፈው ዕቃው በምን እንደሞተበት ያልመዘገበ አገር የሚቀጥለውን በካርቶኑ ጽሑፍ አምኖ ይገዛል።