እንዝርትና መዝገብ

ደጎሎ ደጋ ናት፤ ጥጥ አይበቅልባትም። ጥጡ ከቆላ ተጭኖ በገበያ ቀን ይመጣል፤ የጃማ ሴት ገዝታ ወደ ቤቷ ታስገባውና ፈትል አድርጋ ታወጣዋለች።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት አሮጊት እናት የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ ወደ እኔ መስኮት ቀረቡ። ወረፋ ሲጠብቁ እንዝርታቸው ከእጃቸው አልወረደም ነበር። ቅጹን እየሞላሁ፣ «እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። እንዝርቱን መቀነታቸው ውስጥ ሻጥ አድርገው፣ «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፤ ቤቴ ነው የምውል» አሉኝ። እኔም «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍሁ። ማታ ግን ያ መልስ እንቅልፍ ነሣኝ።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ «ሥራ የሌላቸው» እኒህ እናት የሚሠሩትን በቅደም ተከተል እንቁጠረው። ጥጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ አንዱ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ ሲያሾር ሌላው አመልማሎውን ይዞ ወደ ላይ ይርቃል፤ በመካከላቸው ጥጡ ይቀጥናል፣ ይከርራል፣ ክር ይሆናል። ለድር የሚሆነው ቀጭንና ጠንካራ፣ የሸማኔውን ውጥረት የሚችል መሆን አለበት፤ ለማግ የሚሆነው ላላና ለስለስ ያለ ነው። ፈታይዋ ይህን ልዩነት የምታውቀው በጣቷ ጫፍ ነው። ሸማኔው በቀናት ሠርቶ ለሚጨርሰው ጋቢ ፈትሉን ለማድረስ ሳምንታት ያልፋሉ።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ፣ ካጠፋው ሀብት መካከል እህልንና ጥጥን አንድ ላይ ጠርቷል። ጥጥ ከእህል ጎን የሚቆም ሀብት ነበረ ማለት ነው። ከሀብቱ ወደ ሠራተኛው ስንመጣ ግን ታሪካችን ሁለት ሚዛን ይዞ ይጠብቀናል።

ባለእጅ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። መፍተል ግን ከዚህ ንቀት ውጭ ነበረ። የገበሬ ሚስትም ትፈትላለች፣ ወይዘሮዋም ትፈትላለች፤ የጨዋ ልጅ ባልትና ነው። ያው አንድ ክር በእንዝርቱ ላይ ሳለ ክብር፣ ከሸማኔው ጉድጓድ ሲደርስ ውርደት ይባል ነበር።

ይህ ክብር ግን በነፃ አልተገኘም። ሸማኔው በስድብም ቢሆን የሙያ ስም ነበረው፤ ስም ስላለው ዋጋ ይጠይቃል፣ አዋጅም ይወጣለታል። ፈታይዋ አልተሰደበችምና አዋጅ አላስፈለጋትም። ሙያዋ ባልትና ተብሎ ከጓዳ ቀረ።

በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከወሰደው መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባል በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። የለባሿ ስም ተመዝግቧል፤ ጥጥና ሐር መሆኑ ተመዝግቧል፤ የገባበት ዓመት ተመዝግቧል። ጥጡ በማን ጭን ላይ እንደ ተፈተለ ግን መዝገቡ አይናገርም።

ኋላ ፋብሪካ መጣ። በጣልያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ፣ በ1953 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ፣ በደርግ ዘመን እዚሁ ወሎ ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። መኪና የፈተለው ክር ገበያ ሲገባ ሸማኔው ይበልጥ የወደደው ለድር ነው፤ እኩል ነው፣ ቶሎ አይበጠስም። ለእንዝርቱ በአብዛኛው ማጉ ቀረለት። ዛሬ የምንለብሰው የሀገር ልብስ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ ስንት ሰው ከሥራ እንደ ወጣ እንቆጥራለን። ድሩ ከእንዝርት ላይ ሲነሣ ስንት ሴት ከሥራ እንደ ወጣች ማን ቆጠረ? ቀድሞውንም ሥራ ያለን አልነበረም።

እማማ ያን ዕለት መክፈቻ ብለው ያስገቧት ገንዘብ በመሀረብ የተቋጠረች ነበረች። ሳልጠይቃቸው፣ «የፈትል ዋጋ ናት» አሉኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ መዘገብሁ። ከላይ «ሥራ» በሚለው ሥር የጻፍሁትን ግን አላረምሁትም። ይህች ጽሑፍ ስለዚያ ናት።